ሳትታይ ያለፈች የጠመኔ ጭረት

ሹፌሮቹ ሁሉ «ጋሼ ይለፍ» ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ። ሥራው ከባድ መኪና መመርመር ነው። ከድንበሩ ድልድይ ወዲህ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም መጠለያ አለ፤ ወለሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጠባብ ጉድጓድ ተሠርቷል። መኪናው ከላይ ይቆማል፣ እሱ መብራቱን ይዞ ከሥር ይገባል። የመሪውን ክንድ ይነቀንቃል፣ የአየር ቱቦውን ይዳብሳል፣ የፍሬኑን ሸራ ውፍረት በጥፍሩ ጫፍ ይለካል። «መኪና እንደ ሰው ነው፤ ለምርመራ ሲመጣ ፊቱን ታጥቦ ነው። ጉዱ ያለው ከሆዱ ሥር ነው» ማለት ይወዳል።

ጉድጓዱ ውስጥ እያለ አንበሳ ነው። የላላች ብሎን፣ የተሰነጠቀች ባሌስትራ፣ የምታንጠባጥብ ቱቦ ከዓይኑ አታመልጥም። ችግሩ የሚጀምረው ደረጃዋን ወጥቶ ከሹፌሩ ጋር ፊት ለፊት ሲተያይ ነው። ይሉኝታ የሚባል፣ ሐኪም መድኃኒት ያላገኘለት በሽታ አለበት። ሹፌሩ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ወይ አብሮት የተማረ ነው፤ ወይ ምኑም ሳይሆን እንዲሁ ዓይኑ የሚያሳዝን ሰው ነው። «አያልፍም» የምትለው ቃል እስከ ጉሮሮው ትመጣና ትመለሳለች። ከዚያ ማህተሙን ያነሣል። ጉቦ ይበላል እንዳይባል ሻይ እንኳ የሚጋብዘው እሱ ነው። ጉቦ የሚበላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሳይሻል አይቀርም ነበር፤ ቢያንስ በምን ማፈር እንዳለበት ያውቅ ነበር።

እንዲህ እያሳለፈ ዓመታት ያለ አደጋ የኖረው በጥበቡ አይደለም። በድልድዩ ማዶ ሌላ ጉድጓድ ስለነበረ ነው።

በዚያ ዘመን ሁለቱ አገሮች አይተማመኑም ነበር። የዚህኛው አገር መኪና እዚህ ተመርምሮ፣ ማህተም ተመቶለት፣ ድልድዩን ይሻገርና ምንም እንዳልታየ ሆኖ እንደ ገና ይመረመራል። ከማዶ የሚመጣውም እንዲሁ። የማዶው መርማሪ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። የድንበር ሰዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባልና፣ ሁለቱ መርማሪዎች ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ስም አይጠራሩም፤ «ጎረቤት» ነው የሚባባሉት።

አንድ ቀን ድልድዩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠው ጎረቤት ጠየቀው።

«ትናንት የላክኸው የሲሚንቶ መኪና ፍሬኑ አልቆ እኮ ነው የመጣው። ዓይንህን ምን ነካው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«የሰፈሬ ልጅ ነው። ምን ብዬ ልመልሰው?»

ጎረቤት አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሱም ለካ የራሱን አገር ሰዎች መመለስ አቅቶት የሚያሳልፋቸው ነበሩ። እዚያው ተዋዋሉ። «አንተ የኔን መልስልኝ፣ እኔ ያንተን እመልስልሃለሁ» ተባባሉ። ምልክቷም ተፈጠረች፤ ከኋላ ጎማው ቸርኬ በውስጥ በኩል፣ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በማያይበት ቦታ፣ በጠመኔ የምትጫር አንዲት ጭረት። አንድ ጭረት ከሆነች ፍሬኑን እየው፣ ሁለት ከሆነች መሪውን እየው ማለት ናት።

ውሉ ያማረ ነበር። ጋሼ ይለፍ የአገሩን ሹፌር በፈገግታ ያሳልፋል። ጎረቤት ጭረቷን አይቶ «አያልፍም፣ ተመለስ» ይላል። ሹፌሩ እየተራገመ ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤትን «ጋሬጣው» ብለው ስም አውጥተውለታል። «እኛ አገር አልፎ እዚያ የሚወድቀው ምቀኝነት ቢሆን ነው እንጂ!» እያለ ሲጮህ፣ ጋሼ ይለፍ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «ምን ታደርገዋለህ፣ የሰው አገር ሰው አይራራም» ይለዋል። ማዶም ተመሳሳዩ ቲያትር ይሠራል፤ ያን ጊዜ ጨካኙ ጋሼ ይለፍ ነው። እያንዳንዳቸው በአገራቸው እንደ ማር ይወደዳሉ፣ በሰው አገር እንደ እሬት ይጠላሉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ፤ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ባላ ነቅለው በሌላው ላይ ነበር የተንጠለጠሉት።

ከዚያ ስምምነቱ መጣ።

የጣቢያው ኃላፊ ሠራተኛውንና ሹፌሮቹን መጠለያው ውስጥ ሰብስባ አስረዳች። «ከሰኞ ጀምሮ በአንደኛው አገር የተመረመረ በሌላኛውም እንደ ተመረመረ ይቆጠራል። ሚስማሩም፣ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ መኪናውም ያው ነው። ሙያም እንዲሁ፤ የኛ መንጃ ፈቃድ እዚያ ይሠራል፣ የነሱ ነርስ እዚህ ትቀጠራለች። የተሰጠው ብቻ አይደለም፣ የተነጠቀውም ጭምር። እዚያ መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ሹፌር እዚህም ተነጥቋል ማለት ነው።»

ከኋላ አንድ ሹፌር እጁን አወጣ። «እዚያ ያገባስ? እዚህም እንዳገባ ይቆጠራል እንዴ?»

መጠለያው በሳቅ ተናጋ። በሁለቱም ወገን ጎጆ የቀለሰ ሹፌር ማን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና፣ የሚመለከታቸው ከሁሉ ጎልተው ሳቁ። ጋሼ ይለፍም ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሀል ነገሩ እሱን እንደሚመለከተው ልብ አላለም።

ልብ ያለው ጎረቤት ነው። እሑድ ሻይ ቤቷ ተገናኙና፣ «እኔ ጠመኔዬን ወንዙ ውስጥ ጣልኳት። አንተም ጣል። ከነገ ጀምሮ የሚያነባት የለም» አለው።

«እጥላታለሁ።»

«ዛሬ ጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ጋሼ ይለፍ የደረት ኪሱን ዳሰስ አደረገ። ጠመኔዋ እዚያ ነበረች። «እሺ አልኩህ እኮ» አለና ሻዩን ጠጣ። ኪሱ ውስጥ ሆና ወደ ቤት ተመለሰች።

በስምምነቱ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ የእህቱ ባል ሽንኩርት ጭኖ መጣ። የእህቱ ባል ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ሰው ነው። መኪናዋ የራሱ ናት፤ ከልጆቹ እኩል ይሳሳላታል፤ ሚስቱ፣ የጋሼ ይለፍ ታናሽ እህት፣ «የኔ ጣውንት» ትላታለች። ከመውረዱ በፊት በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ! ዛሬ እንደ ቤቴ በር ነው ድልድዩን የማልፈው! ጋሬጣው ተነሣልን!»

«እስኪ ቀስ በል፣ መጀመሪያ ልያት» አለና ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

የኋላው የግራ ፍሬን ሸራው አልቋል። ማለቅ ብቻ አይደለም፣ ብረቱ ብረቱን መፋቅ ጀምሯል። ጣቱን አስገብቶ ሲያወጣው ቀጭን የብረት ብናኝ ተከትሎት መጣ። አየው፤ ገባውም። ከዚያ ደረጃዋን ወጣ፤ እዚያ ደግሞ የእህቱ ባል እጁን እያፋተገ ቆሟል።

«እንዴት ናት ጣውንቷ?»

ጋሼ ይለፍ ወደ ኋላ ጎማው ዞረ፤ ጎንበስ አለ፤ እጁ ራሷ ጠመኔዋን ከኪሱ አወጣችና በቸርኬው የውስጥ ጎን ጫረች። እንደ ሁልጊዜው። ቀና ብሎ አቧራውን አራገፈና ማህተሙን አነሣ።

«ይለፍ» አለ።

የእህቱ ባል ጉንጩን ስሞት ሄደ። ጋሼ ይለፍ ሻይ አዘዘና መጠለያው በር ላይ ቆሞ መኪናዋ ወደ ድልድዩ ስትወጣ ተመለከተ። ማዶ ሁልጊዜ የሚዘጋው መከላከያ እንጨት ወደ ሰማይ ተነሥቷል። መኪናዋ ፍጥነቷን እንኳ አልቀነሰችም። ጎረቤት ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ባዶ እጁን ለሰላምታ ሲያወዛውዝ ይታያል። የእህቱ ባል ጥሩምባውን ነፋ፤ አለፈ።

ያን ጊዜ ነው የገባው። ጭረቷን የሚያያት ሰው የለም።

ስልኩን አወጣ። የእህቱን ባል ስም አገኘ። አውራ ጣቱ ከስሙ በላይ ቆመች። «ተመለስ፣ ፍሬንህ አልቋል» ቢለው፣ «ታዲያ ለምን አሳለፍከኝ?» ይለዋል። «ልምድ ያለው ሹፌር ነው፣ በማርሽ ይወርዳል፤ እዚህ ድረስስ በዚሁ ፍሬን አይደል የመጣው? ሲመለስ በዘዴ እነግረዋለሁ» አለ ለራሱ። መኪናዋ ገና ከዓይኑ አልተሰወረችም። ተረኛው ሹፌር ከኋላው ጥሩምባ ነፋ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ጭረቷን መጫሩ የልማድ ነገር ነው፤ በሬም ቢሆን ቀንበሩ ከወረደለት በኋላ በለመደው መንገድ ይሄዳል። ስልኩን ኪሱ የመለሰው ግን ልማድ አልነበረም። እሱ ራሱ፣ አስቦበት፣ ፈርቶ ነው የመለሰው። ኋላም ሰውነቱን የበላው ይኸኛው ነው።

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ጥቂት ይወጣና ወደ ማዶው ከተማ በረጅሙ ይወርዳል። የእህቱ ባል ቁልቁለቱን አጋምሶ ፍሬኑን ቢረግጥ እግሩ ባዶ ገባ። ጥሩምባውን እየነፋ፣ መሪውን ወደ ዳገቱ ግድግዳ እያስጠጋ፣ ሰው የሞላበትን የገበያ መንገድ እንደምንም አመለጠ። መኪናዋ የቆመችው አንድ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ዳስ ውስጥ ገብታ ነው። ጎሚስታው የሚነፋትን ጎማ ትቶ ሊዘል ሲል አንድ እግሩ ከሥሯ ቀረ። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ወሬውን በስልክ ያደረሰችው እህቱ ናት። «ወንድም ጋሼ፣ እሱስ ተርፏል፤ ግንባሩ ነው የተፈነከተው። የሰው እግር ግን…» ብላ መጨረስ አቃታት። ጋሼ ይለፍ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ስልኩን ከጆሮው ማንሣት አልሆንልህ አለው።

ወዲያው ጎረቤት ደወለ።

«ጎረቤት፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«መኪናውን እንዳይ የተላክሁት እኔ ነኝ። ጭረቷን አየኋት።»

ጋሼ ይለፍ የሚሰማ ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየ።

«በእጅጌዬ ጠረግኋት። አትጨነቅ። ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ተቃጥሏል፤ ሸራው ቀድሞ ይለቅ፣ ያን ዕለት ይለቅ የሚለይ የለም። ያንተ ማህተም ‹ደህና ነው› ይላል፤ ባዲሱ ስምምነት ደግሞ ያንተን ማህተም መቀበል ግዴታችን ነው። መኪናው ደህና ከነበረ እንግዲህ ጥፋቱ የነጂው ነው የሚባለው።»

«መንጃ ፈቃዱስ?»

«ይነጠቃል። እዚህ ከተነጠቀ ደግሞ… እዚያም ያው ነው።»

«ለምን ጠረግሃት?»

«አንተ ብትሆን አትጠርግልኝም ነበር?»

ይጠርግለት ነበር።

የእህቱ ባል ግንባሩ ላይ ፋሻ አድርጎ ሊጠይቀው ቤቱ መጣ። ያ ጥሩምባ የሚያስንቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ስምህን አስነሣሁት።»

«ምን አርገህ?» አለ ጋሼ ይለፍ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አንተ አይተህ ያሳለፍከው ፍሬን እንዴት እምቢ ይላል? እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ማርሽ ሳልቀንስ ወርጄ ይሆናል። የቀነስኩ ይመስለኛል፤ ግን አንተ ደህና ነው ካልክ… እኔ ነኝ። ለችሎቱም እንደዚያው ብዬ ልናገር ነው። ያንን ሰው ግን ሄጄ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።»

የጋሼ ይለፍ ሚስት ለእንግዳው ውኃ አቅርባ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አላስቻላትም። «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር በለው እንጂ!»

«አይዞህ» አለ ጋሼ ይለፍ።

አይዞህ! አንድ ቃል የምትበቃውን ሰው «አይዞህ» ብሎ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ምግብ ከአፉ አልገባ አለው፤ ሥራ ላይም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መውጣት ያስጠላው ጀመር። እህቱ መጥታ «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ አንድ በለኝ፤ ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ ይረግጣል። እንደ ፍሬን። ይረግጥና እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ‹ቀንሻለሁ፣ አልቀነስኩም› ይላል። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አብረውት ይረግጣሉ» አለችው። የሃያ ዓመት ሹፌር የራሱን እግር እንዲጠራጠር ያደረገው እሱ ነው። ከጎሚስታው እግር ቀጥሎ የቆረጠው ይህንን ነው።

እህቱ እንደ ወጣች ለሚስቱ ሁሉን ነገራት። ጭረቷን፣ ድልድዩን፣ ስልኩን። ሲጨርስ ቀለል የሚለው መስሎት ነበር።

ሚስቱ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። «እና እኔን ነው የምትነግረኝ?»

«ለማን ልንገር?»

«እሱ እዚህ ፊትህ ተቀምጦ አልነበረም እንዴ? ይቅር በለኝ እያለህ! ዕድሜህን ሙሉ ለባለቤቱ የሚነገረውን ለሌላ ሰው ስትነግር ኖርህ። ለማዶው ሰውዬ በጠመኔ፣ ለኔ በጓዳ። ለኔ ምን ይሠራልኛል?»

ስሙን ጠርታ ነው ይህን የተናገረችው።

ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ደረሰ። የማዶው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የምትንጫጫ ማራገቢያ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ወንበሮች። ጎሚስታው ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊት ተቀምጧል። የእህቱ ባል ከጎኑ እንዳይሆን ርቆ፣ ሱሪውን በጉልበቱ ላይ እየቆነጠጠ ቆሟል። ጋሼ ይለፍ እንደ ቤተሰብ ሆኖ ከኋላ ተቀመጠ፤ የጠራው የለም። ማህተሙ ስለመሰከረ እሱን መጥራት አላስፈለጋቸውም።

ጎረቤት መኪናውን መርምሮ ያገኘውን አስረዳ። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «መኪናው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ የእህቱ ባል።

ጋሼ ይለፍ መቆሙን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው። «አይደለም» አለ። «ሐሰት ነው። ማለቴ፣ እሱ አልዋሸም። የዋሸው የኔ ማህተም ነው።»

ሁሉም ዞሩ። የጉድጓዱ አንበሳ በሰው ፊት ወደ ጠረጴዛው ተራመደ። ጠመኔዋን ከደረት ኪሱ አወጣና ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ጊዜ ጫረ። «ሸራው ማለቁን አይቻለሁ። በጣቴ ነክቻለሁ። እሱን መመለስ አፍሬ ይህችን ቸርኬው ላይ ጫርኩና አሳለፍኩት። ማዶ ያለው ሰው ይመልሰዋል ብዬ ነው። ማዶ ያለው ሰው መመርመር እንዳቆመ ረስቼ ነው። ከዚያ ግን…» ወደ ጎሚስታው ዞረ። «ከዚያ ግን ድልድዩ ላይ እያለ ትዝ አለኝ። ስልኩን ይዤ ነበር። አልደወልኩም።»

ጎረቤት ከወንበሩ ተነሣ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ለሳቅ አልነበረም። «ጭረቷ ነበረች። የጠረግኋት እኔ ነኝ» አለ።

ጎሚስታው ክራንቹን እያስተካከለ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። «እኔስ እግሬን የወሰደው ቁልቁለቱ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ ይለፍ ስድብ ቢወርድበት፣ በክራንቹ እንኳ ቢመታው ይመርጥ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የእህቱ ባል ጠበቀው። መንጃ ፈቃዱን መልሰውለት በእጁ ይዟታል፤ ኪሱ ግን አልከተታትም።

«ጉድጓዱ ውስጥ እያለህ አውቀሃል?»

«አዎ።»

«ጉንጭህን ስሜህ ስሄድም?»

«አዎ።»

«‹ተመለስ› ብትለኝ ምን እልሃለሁ ብለህ ነው?»

ጋሼ ይለፍ ያን ሁሉ ዓመት የፈራው ነገር ምን እንደሆነ ለመናገር ፈለገው፤ አጣው። የእህቱ ባል ትንሽ ጠብቆ ሄደ። «ጋሼ» ሳይል የሄደው ያን ቀን ነው።

ማህተሙን ነጠቁት፤ እዚህ ተነጠቀ፣ ማዶም ተነጠቀ። ጎረቤትም የሱን አጣ። ከስምምነቱ በኋላ ጋሼ ይለፍ ያሳለፋቸው መኪናዎች በሙሉ እንዲመለሱ ታዘዘ፤ ከመጠለያው እስከ ነዳጅ ማደያው ተሰለፉ፤ ያ «ይለፍ» እያለ የሸኘው ሹፌር ሁሉ ሲያየው ፊቱን አዞረ። ስሙንም መልሰው ወሰዱ። አሁን ዝም ብለው «ሰውዬው» ይሉታል።

ከጣቢያው ጀርባ ባለች ጋራዥ የፍሬን ሸራ ለዋጭ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራ የማይኖር ቀን ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሚስታው ዳስ ይሄዳል። ሁለት እግር የሚፈልገውን ሥራ፣ የከባድ መኪና ጎማ መፍታትና ማንከባለሉን፣ ይሠራለታል። ጎሚስታው አይከለክለውም፤ ሰላምታውንም አይመልስለትም። መብቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ቆይቶ አንድ ጠዋት የእህቱ ባል መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ሌሎቹ ሠራተኞች ሌላ መኪና ይዘዋል። ሹፌሩ ከመውረዱ በፊት ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ወርዶ «እስኪ ግራውን እየው፤ ይጮህብኛል» አለ። «ጋሼ» አላለም።

ጋሼ ይለፍ ከሥር ገባ። ጣቱን አስገብቶ አወጣ። ብናኝ የለም፤ ሸራው ግን ሳስቷል፣ ቁልቁለቱን አይችልም። ከላይ የተጫነው አትክልት ነው፤ የሚጠብቀው ነጋዴም አለ። ወጣ፤ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው።

«ዛሬ አትሄድም። አልቋል።»

የእህቱ ባል መኪናዋን አየ፤ ጭነቱን አየ።

«እሺ» አለ።

ይኸው ነው። ስልኩን አውጥቶ ለነጋዴው እንደሚዘገይ ነገረውና ጥላው ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

ጋሼ ይለፍ መፍቻውን ይዞ ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጎማው ተፈታ፤ ሸራው ወረደ፤ አዲሱ ገባ። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ እዚያው ተኝቶ ቆየ።